ደረሰኝ የሌለው ወጪ

ጥቅምት ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ በመስኮት ስንጥቅ ያፏጫል፤
ከማኅተሙ ቀለም በፊት የጣቴ ጫፍ ደርቋል።
በር ተንኳኳ። የሁለተኛ ዲግሪ ልጆች፣ አራት ሆነው ገቡ፣
አንዲት ማመልከቻ ለአራት እያነበቡ።

ምንተስኖት፣ የአፈር ተማሪ፣ ጫማው ላይ ዋልካ የደረቀ፤
ጌጤነሽ፣ የጤና፣ ሳቋ ከሷ ቀድሞ ክፍሉን ያሞቀ፤
ሰይፈዲን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ቁጥርን እንደ ማሽላ የሚያበጥር፤
ዝናሽወርቅ ደግሞ ከሕግ፣ «አንቀጽ» ሳትል የማታድር።

«ገንዘቡ ተፈቅዷል» አሉ። «ለምን?» ብላቸው፣ «ለጓያ።»
ጓያ? ሳቄ መጣ።
ማን ብር ይመድባል ለጓያ፣ በዚህ የኑሮ ገበያ?

ቅጹ «የትምህርት ክፍል» ብሎ አንዲት ጠባብ ሳጥን ሰጥቷል፤
አራቱን በአንዷ ልክተት ብል እስክሪብቶዬ ጠርዙን አልፏል።
«አንዱን ምረጡ» አልኳቸው። ተያዩ። መልስ የለም።
ዝናሽወርቅ ብቻ፦ «ጓያን የሚዘራው እጅና የሚሰበረው እግር
የአንድ ሰው ነው፤ ቅጹ ይኼን አያውቅም።»

ስልሳ ሁለት ሺህ ብር። ለአራት ሰው፣ ለስምንት ወር።
ከዚህ ላይ ወረቀት፣ ከዚህ ላይ ነዳጅ፣ ከዚህ ላይ የምሳ ሽሮ ሲቀነስ ሲሰፈር፤
ለአንድ ስብሰባ መስተንግዶ የምንጽፈው ነበር።
በኅዳር ወደ ጅሁር ሄዱ፤
አውቶቡስ እስከደረሰበት በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር።

በጥር ደረሰኙ መጣ፣ በፌስታል፣ ገለባ ተቀላቅሎበት፣
ባትሪ፣ ብልቃጥና ደብተር በአንድ የሱቅ ማኅተም ሥር የተዋወቁበት።
ከሁሉ በታች አንዲት ብጣሽ፦ «የአህያ ኪራይ፣ ሁለት ቀን፣ አራት መቶ ብር።»
ፊርማ የለም። የአውራ ጣት አሻራ ብቻ፣
ሰማያዊ፣ እንደ እርሻ ፈር።

«አይያዝም» አልኩ፤ «መመሪያ ነው፤ የግብር መለያ ቁጥር የላትም አህያ!»
ጌጤነሽ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች።
ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ከጠረጴዛው ወዲያ።

«እትዬ ዘርፌ» አለች፣ «አፈር አይደለም የጫንባት።
ሰው ነው። ሸዋንግዛው ይባላል፤ ሁለት ምርኩዝ ይዞም ዳገቱ የከበደበት።
በዚያ በክፉ ዓመት፣ ሌላ እህል ጠፍቶ፣ ሦስት ወር ጓያ ብቻ በልቶ፣
አንድ ጠዋት ሊነሳ ሲል ጉልበቱ እንቢ ብሎት ቀርቶ።
እርሻው ዘንድ እሱ ካልሄደ ምንተስኖት የቱን ይቆፍራል?
ውሃው የት እንደሚተኛ ከባለቤቱ በቀር ማን ያውቃል?
ከአህያዋ ላይ ሆኖ አሳየን፦ ‹እዚህ ስንዴ በሰበሰ፤ እዚያ ምስር፤
ጓያ ብቻ ቆሞ ቀረ። ወደን ነው?›
የሰይፈዲን እጅ ተገታ ከመቁጠር።

ማታ በአንድ ኩራዝ ተጣላን። እውነቴን ነው፣ ተሰዳደብን።
እሱ ቦይ ይቀደድ ይላል፤ እኔ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፤
እሷ መሬቱ በማን ስም ነው እያለች፤ እስከ ዶሮ ጩኸት ተዋደቅን።
ጠዋት አንድ ገጽ ተገኘ፤ የቱ የማን እንደሆነ እስካሁንም አልለየን።»

መነጽሬን አወለቅኩ። እኔም የጅሁር ልጅ ነኝ፤ አልነገርኳቸውም።
አጎቴ በርጩማ እየገፋ ነበር ደጅ የሚወጣ፤
ደብተር የያዘ አንድ ሰው አልጠየቀውም።

አራት መቶውን መጓጓዣ ዓምድ ላይ አሰፈርኩት፣ ከአውቶቡሱ ትኬት ሥር።
ኦዲተሩ በሰኔ ይመጣል፤ ጣቱን እዚያች ላይ አኑሮ
«ምንድን ነች?» ይላል። ይጠይቅ፤ እኔም አለኝ ነገር።

ለከርሞ በጀት «በየክፍሉ ብቻ ይቅረብ» የሚል ደብዳቤ ደርሷል፤
አልመለስኩበትም ገና። ጠረጴዛዬ ላይ ነው።
ከፌስታሉ የረገፈ የጓያ ፍሬ ላዩ ወድቋል፤
ሦስት ነው፣ አራት፣
እየቆጠርኩ ነው።